ከኦፈንባኽ የመጣው «የአፍሪካ ፊደል»

ባለፈው ዓመት በአንድ የአውሮፓ አየር ማረፊያ ሱቅ ውስጥ የይርጋጨፌ ቡና አገኘሁ። በሰው አገር መደርደሪያ ላይ የአገርን ቡና ማየት ዘመድ የማግኘት ያህል ነው፤ አንሥቼ አገላበጥኩት። ከረጢቱ ላይ ብርቱካናማ ፀሐይ አለች። ከፀሐይዋ ፊት ጃንጥላ የመሰለች አንዲት ግራር ቆማለች። ከግራሯ ሥር ደግሞ በትልልቅ የላቲን ፊደላት «ኢትዮጵያ» ተብሎ ተጽፏል። ፊደሎቹ በመጥረቢያ የተፈለጡ ይመስላሉ፤ ወፍራም፣ ጥቁር፣ ጠርዛቸው የተሸራረፈ፣ አንዱ ወደ ግራ ሌላው ወደ ቀኝ ያዘመመ።

ይርጋጨፌን የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። አገሩ ጭጋግ ነው፣ እንሰት ነው፣ ዓይን የሚሞላ አረንጓዴ ነው። ያቺ ብቸኛ ግራር ከየት መጣች? ግን ግራሯን ለጊዜው እንተዋት። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ ፊደሉ ነው።

ይህን ፊደል ስሙን ባትሰሙትም መልኩን ታውቁታላችሁ። የሳፋሪ ጉዞ ማስታወቂያ ላይ አይታችሁታል። የዱር አራዊት ፊልም ርዕስ ላይ፣ «የአፍሪካ ምሽት» የሚል የሙዚቃ ድግስ ፖስተር ላይ፣ አፍሪካዊ ደራሲ በጻፈው ልቦለድ ሽፋን ላይ አይታችሁታል። ቃሉን ከማንበባችሁ በፊት ፊደሉ «አፍሪካ!» ብሎ ይጮኽባችኋል።

ታዲያ ይህ «የአፍሪካ ፊደል» የት የተወለደ ይመስላችኋል? አክሱም? ቲምቡክቱ? ዛንዚባር? የለም። የተወለደው ጀርመን አገር፣ በፍራንክፈርት አጠገብ፣ ኦፈንባኽ በምትባል ከተማ ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1923 ነው። ስሙ «ኖይላንድ» ይባላል፤ በጀርመንኛ «አዲስ ምድር» እንደ ማለት ነው። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።)

ጀርመን ውስጥ ለጀርመን ገበያ የተቀረጸ ፊደል እንዴት የአንድ አህጉር መታወቂያ ሆነ? ታሪኩ ስለ ፎንት ብቻ አይደለም። ሰው ሌላውን ሰው ገና ሳያናግረው እንዴት እንደሚፈርጀው የሚያሳይ ታሪክ ነው።

◆ ሰውየው

ሩዶልፍ ኮኽ በ1876 ኑረምበርግ ተወለደ። ከ1906 ጀምሮ በኦፈንባኽ፣ የክሊንግሽፖር ወንድማማቾች በሚባለው የኅትመት ፊደል ማምረቻ ውስጥ ሠራ። እዚያው ከተማ በነበረው የእጅ ጥበብ ትምህርት ቤትም አስተማረ፤ በዙሪያው ተማሪዎችና የሙያ ባልደረቦች ሰብስቦ እንደ አንድ ቤተሰብ ያሠራ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ሆኖ ዘምቷል። በ1934 አረፈ።

ኮኽ እኛ አገር ተወልዶ ቢሆን ኖሮ ቁም ጸሐፊ ይሆን ነበር ብዬ አስባለሁ። የጸና እምነት ያለው የሉተራን ክርስቲያን ነበር። ማተሚያ በተትረፈረፈበት አገርና ዘመን ቅዱሳት መጻሕፍትን በሰፊ ብዕር በእጁ ይጽፍ ነበር። ፊደል ለእሱ ዕቃ አልነበረም፤ ከጸሎት ብዙም የማይርቅ ሥራ ነበር። የደብራችን ቁም ጸሐፊ መቃውን ቀርጾ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ ብራናው ላይ ሲያጎነብስ የሚሰማውን ነገር ኮኽ ሳይረዳው አይቀርም።

ያን ጊዜ የኅትመት ፊደል የሚሠራው እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ሠዓሊው ፊደሉን ወረቀት ላይ ይስለዋል። ቀጥሎ ቀራጩ ያንን ሥዕል እያየ ፊደሉን በብረት ዘንግ ጫፍ ላይ ይቀርጸዋል። ብረቱ ለስላሳ መዳብ ላይ ሲመታ ቅርጹን ያሳርፋል። መዳቡ ላይ የቀለጠ እርሳስ ይፈስበትና የእርሳሱ ፊደል ይወጣል። ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ላይ የሚያርፈው ይህ የእርሳስ ፊደል ነው።

ኮኽ ኖይላንድን ሲሠራ የመጀመሪያውን ደረጃ ዘለለው። አስቀድሞ አልሳለም፤ በቀጥታ ብረቱን መቅረጽ ጀመረ። ለእያንዳንዱ መጠን እንደገና በእጁ ስለቀረጸ ትንሹና ትልቁ ፊደል እንደ ወንድማማቾች ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። የፊደሉ ጠርዝ ያልተላገ የመሰለው ለዚህ ነው። ፊደሉ ትልልቆቹ የላቲን ሆሄያት ብቻ ነው ያሉት፤ ትንንሾቹ የሉትም። ጥቅጥቅ ያለ ጥቁረቱ ጀርመኖች ለዘመናት ሲጽፉበት ከኖሩት ከጎቲክ ጽሕፈት የወረሰው ነው። ረጅም ጽሑፍ አይጻፍበትም፤ ለርዕስና ለማስታወቂያ፣ ከሩቅ ለሚነበብ ነገር የሚሆን ፊደል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስምሩልኝ። የኖይላንድ ሸካራነት ካለማወቅ የመጣ አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ ፊደል ሲጽፍ የኖረ እጅ ያለ ንድፍ ሲሠራ የሚያወጣው ነው። ልምድ ያላት ባለሙያ ሴት ዱቄቱን ሳትሰፍር እንደምታቦካው ማለት ነው። የኮኽ ፊደል ሸካራ የሆነው ኮኽ ስለተካነ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣው ታሪክ ግን ይህንን ገልብጦ አነበበው።

◆ መንገዱ

ከኦፈንባኽ እስከ ሳፋሪ ያለው መንገድ በሁለት በኩል ይሄዳል።

አንደኛው የአውሮፓ መንገድ ነው። በ1905 ድሬዝደን ከተማ «ድልድዩ» የሚል ስም ያለው የወጣት ሠዓልያን ቡድን ተቋቋመ። ወጣቶቹ በከተማው ሙዚየም ከአፍሪካና ከፓስፊክ ደሴቶች የመጡ የእንጨት ቅርጾችን እያዩ ተደነቁ። እነሱም እንጨት እየፈለፈሉ ሸካራ ሥዕልና ሸካራ ፊደል ማተም ያዙ። አድናቆታቸው እውነተኛ ነበር። ግን ከአድናቆቱ ጋር አንድ ሐሳብ አብሮ ገባ፤ እነዚያ ሕዝቦች «ያልተነኩ፣ ያልተማሩ፣ ለተፈጥሮ የቀረቡ» ናቸው የሚል። ጭንብሉን የቀረጸው ሰው እንደ ኮኽ የዕድሜ ልክ ባለሙያ ሊሆን እንደሚችል ብዙዎች አላሰቡም። ኮኽ የዚህ ቡድን አባል አልነበረም፤ ፊደሉ ግን የእነሱን የእንጨት ሥራ ይመስል ነበር።

ሁለተኛው የአሜሪካ መንገድ ነው። በ1800ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የትልልቅ ፖስተሮች ፊደል ከእንጨት ይቀረጽ ነበር፤ በዚያ መጠን የእርሳስ ፊደል ከባድና ውድ ስለሆነ። የእንጨቱ ፊደል የሰርከስ፣ የጨረታና የመንገድ ትርኢት ፊደል ሆነ። ከእነዚህ ትርኢቶች መካከል ነጮች ፊታቸውን ጥላሸት ተቀብተው በጥቁሮች የሚያፌዙበት ትርኢት አንዱ ነበር። መጽሐፍ የሚያትሙ ሰዎች ይህን ፊደል ዝቅ አድርገው ያዩት ነበር። ኖይላንድ አትላንቲክን ሲሻገር ከእንጨት የተፈለፈለ ስለሚመስል እዚያው መሳቢያ ውስጥ ገባ። ሮብ ጃምፒየትሮ የተባለ አሜሪካዊ ዲዛይነር በ2004 ባወጣው ጽሑፍ ይህንን ጉዞ ደረጃ በደረጃ አሳይቷል። ፊደሉ በጥቁር ሕዝብ ላይ አስቀድሞ ከነበረው ንቀት ጋር እንዴት እንደተጣበቀ ማወቅ የሚፈልግ ያንን ጽሑፍ ፈልጎ ያንብብ።

አንዴ ከተጣበቀ በኋላ ግን ለመላቀቅ አስቸገረ። አንዱ ዲዛይነር የሌላውን አይቶ ይሠራል፤ ተመልካቹ ደግሞ ደጋግሞ ያየውን እንደ እውነት ይይዛል። የሽፋን ሠሪው ጥያቄ «የዚህ መጽሐፍ አገር ጽሕፈት ምን ይመስላል?» መሆኑ ቀረ። «ገዢው አፍሪካ መሆኑን በሦስት ሰከንድ እንዴት ይወቅ?» ሆነ።

በ1993 «ጁራሲክ ፓርክ» የተባለው ፊልም ወጣ። ስለ ዳይኖሰር ነው፤ ታሪኩ የሚካሄደውም በመካከለኛው አሜሪካ አጠገብ ባለች ደሴት ላይ ነው። ርዕሱ የተጻፈው በኖይላንድ ነው። በዓመቱ «ዘ ላየን ኪንግ» ተከተለ፤ የእሱም የርዕስ ፊደል የዚሁ ዘመድ ነው። እንግዲህ አስቡት። ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት የጠፋ አውሬ፣ የሚናገር አንበሳና የአንድ ናይጄሪያዊ ደራሲ ልቦለድ ሦስቱም አንድ ልብስ ለበሱ። ሦስቱን የሚያገናኛቸው ምንድን ነው? አንድ ቃል ብቻ፤ «ዱር»።

ነገሩ ከኖይላንድ ጋር ብቻ የተያያዘ እንዳይመስላችሁ። በ1989 አዶቢ ለተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ካሮል ቱምብሊ የተባለች ዲዛይነር «ሊቶስ» የሚባል ፊደል ሠራች። መነሻዋ የጥንት ግሪኮች ድንጋይ ላይ የቀረጹት ጽሑፍ ነበር። የግሪክ! ያች «የሥልጣኔ ምንጭ» እየተባለች በየትምህርት ቤቱ የምትወደሰው አገር ማለት ነው። ፊደሉ ግን ቀለል ያለ፣ ያልተኳለ ቅርጽ ስላለው እሱም ብዙም ሳይቆይ «የአፍሪካ» እና «የሞቃት አገር» ፊደል ሆኖ አረፈው። ምስክር ከዚህ በላይ አያስፈልግም። ፊደሉ ከየት እንደመጣ የጠየቀ የለም፤ ሸካራ ከመሰለ የእኛ ነው።

◆ «ስለ ፎንት ነው የምታወራው?»

አንዳንዶቻችሁ እዚህ ስትደርሱ ትዕግሥታችሁ ማለቁ ይገባኛል። የኑሮ ውድነቱ አናት ላይ ወጥቶ፣ አገር ስንት ጭንቀት ይዟት፣ ስለ ፊደል ጠርዝ መጻፍ ቅንጦት ይመስላል። እስቲ ወደ ቡናው እንመለስ።

በ2005 የኢትዮጵያ መንግሥት ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ገዢው ገንዘብ የሚከፍለው ለፍሬው ብቻ አይደለም፤ ለስሙም ነው። ስሙ ዋጋ ካለው የስሙ ባለቤት ከዋጋው ይድረሰው። ከስታርባክስ ጋር ክርክር ተነሣ፤ ጉዳዩ የዓለም ጋዜጦች መነጋገሪያ ሆነ፤ ኦክስፋምም ዘመቻ አደረገ። በሰኔ 1999 ዓ.ም. (በ2007) ሁለቱ ወገኖች ስምምነት ፈረሙ። ያን ጊዜ «ስለ ስም ነው የምትከራከሩት?» ያለ ሰው ነበር። ነገሩ ግን የእንጀራ ጉዳይ ነበር።

ስሙን ለማስከበር እንዲያ ከደከምን ስሙ የተጻፈበት ፊደልስ? ገበያ ውስጥ ፊደል ዋጋ ይናገራል። የፈረንሳይ ወይን ጠርሙስ ላይ ያለውን ቀጭን፣ ንጹሕ ጽሑፍ ተመልከቱ፤ «ይህን የሠራ ሰው አለ፤ ዓመቱ ይታወቃል፤ ቤቱ ይታወቃል» ይላችኋል። በመጥረቢያ የተፈለጠ የሚመስለው ፊደል ግን «ይህ ከዱር የተለቀመ ነው» ይላል። ይርጋጨፌ የታጠበ ቡና ነው። የበሰለው ቀይ ፍሬ ብቻ ተመርጦ ይለቀማል፣ ይፈለፈላል፣ በውኃ ተዘፍዝፎ ይብላላል፣ ይታጠባል፤ ከዚያ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ለቀናት እየተገላበጠና የተበላሸው እየተለቀመ ይደርቃል። እያንዳንዱ ደረጃ ዕውቀት ነው። ዕውቀቱ የሰው ነው፤ በአብዛኛውም የሴቶች እጅ አለበት። ያ ሸካራ ፊደል ይህን ሁሉ በአንድ ቀለም ያጠፋዋል። ዛፉ ሰጠን እንጂ ሰው ሠራው አይልም።

◆ ጽሕፈት የነበረው አህጉር

ከዚህ የሚከፋው ሌላ ነው። አንድን አህጉር በሸካራ ፊደል መጻፍ ሳይናገሩ አንድ ነገር መናገር ነው፤ «እነዚህ ሰዎች ጽሕፈት አያውቁም ነበር፤ ቢጽፉ ኖሮ እንዲህ ይጽፉ ነበር።» ሐሰት መሆኑን እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በፊት እናውቃለን። ሆኖም ነገሩን የእኛ ብቻ አናድርገው። በላይቤሪያ የቫይ ሕዝብ የራሱን ፊደል የቀረጸው በ1830ዎቹ ነው። የካሜሩኑ ሱልጣን ንጆያ በ1890ዎቹ መጨረሻ ለባሙም ሕዝብ ጽሕፈት ማዘጋጀት ጀመረ። ሶሎማና ካንቴ በ1949 ለማንዲንግ ቋንቋዎች «ንኮ»ን ሰጠ። የሰሜን አፍሪካ አማዚጎች ቲፊናግ አላቸው። በ1989 ደግሞ በጊኒ ሁለት ታዳጊ ወንድማማቾች፣ ኢብራሂማና አብዱላዬ ባሪ፣ ቤታቸው ቁጭ ብለው ለፉላኒ ቋንቋ «አድላም» የሚባለውን ፊደል ፈጠሩ። ዛሬ በስልክ ይጻፍበታል።

የእኛን ፊደል በተመለከተ ታሪክ ራሱ ሳይቀልድ አልቀረም። የግዕዝ ፊደልን ለመጀመሪያ ጊዜ ማተሚያ ላይ ያዋለው ማን ነው? እሱም ጀርመናዊ ነው። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ካህን ሮም ሳለ ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ በእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግዕዝ ተማረ። በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። ትልቅ ውለታ ነው። ነገር ግን ቋንቋውን «ከለዳዊ» ብሎ ጠራው። ሰዎቹ እፊቱ ናቸው፣ መምህሮቹ ናቸው፣ አገራቸው ይታወቃል፤ የመጽሐፉ መግለጫ ግን የሌላ ሕዝብ ስም ተሸከመ።

ከ35 ዓመታት በኋላ፣ በ1548፣ አባ ተስፋ ጽዮን እዚያው ሮም ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ማሳተም ጀመሩ። ሥራው በቀጣዩ ዓመት ተጠናቀቀ። መጽሐፉ ስለ ስሕተቱ ይቅርታ ይጠይቃል፤ አታሚዎቹ ግዕዝ ማንበብ አይችሉም፣ ማንበብ የሚችሉት ደግሞ ማተም አያውቁም ነበርና። ያም ሆኖ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት እዩት። የአባ ተስፋ ጽዮን መጽሐፍ ስሕተት ቢኖርበትም ስሙን አልሳተም፤ ባለቤቱ ከሥራው አጠገብ ቆሞ ነበርና።

ኮኽ ኖይላንድን በቀረጸበት በ1923 አዲስ አበባ ውስጥ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ያቋቋሙት ማተሚያ ቤት ሥራ ላይ ነበር። በ1917 ዓ.ም. «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ መውጣት ጀመረ። ከዚያ አስቀድሞም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን «አእምሮ» ጋዜጣ መጀመሪያ ላይ በእጅ እየተጻፈ ለአንባቢ ይደርስ ነበር። እንግዲህ በእጅ የተጻፈ የአፍሪካ ፊደል የፈለገ ሰው አጥቶ አልነበረም። አልፈለገም እንጂ።

◆ ልብሱን ራሳችን ስንለብሰው

በዚህ ጉዳይ ብቻችንን አይደለንም። በ1883 ክሊቭላንድ ውስጥ ያለ አንድ ፊደል ማምረቻ «ቻይኒዝ» የሚል ፊደል አወጣ። በብሩሽ የተጻፈ የሚመስል፣ ጫፉ የሾለ የላቲን ፊደል ነው፤ ከቻይና ጽሕፈት ጋር የሚያገናኘው ነገር እምብዛም ነው። ከዚያ ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የቻይና ምግብ ቤት ታፔላ ሁሉ በዚህ መልክ ተጻፈ። የሚገርመው የምግብ ቤቶቹ ባለቤቶች ቻይናውያን ራሳቸው ፊደሉን መምረጣቸው ነው። ለምን? አሜሪካዊው ደንበኛ ከመንገድ ማዶ አይቶ «ይሄ የቻይና ቤት ነው» እንዲል።

በውጭ አገር ምግብ ቤት የከፈቱ ወገኖቻችንም አንዳንዶቹ ያንን የተፈለጠ ፊደል ደጃፋቸው ላይ ሰቅለዋል። አንዱን በወዳጅነት ጠየቅሁት። «ወንድሜ፣ እኔ የቤት ኪራይ አለብኝ። ፈረንጁ ግዕዝ አያነብም። ይህን ሲያይ አፍሪካ መሆኑን ያውቃል፤ ይገባል። ከገባ በኋላ እንጀራው ራሱ ይናገራል» አለኝ። መልሱ ቀላል አይደለም፤ አልናቅሁትም። ሰው በሚታወቅበት ስም ካልተጠራ አይሰማም። ግን ደንበኛው ገብቶ ከበላ በኋላም ያንኑ የድሮ ሐሳቡን ይዞ የወጣ እንደሆነ፣ ታፔላው ምግቡን አሸነፈው ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ራሴ። ኑዛዜ አለብኝ። ከዓመታት በፊት በአንድ የኅትመትና ማስታወቂያ ቤት በግራፊክስ ሠርቻለሁ። አንድ ቀን ስለ አንድ የቆላ አርብቶ አደር ማኅበረሰብ ባህል ባነር እንድሠራ ታዘዝኩ። ኮምፒውተሩን ከፍቼ ያለ ምንም ማመንታት ከአማርኛ ፎንቶቹ ውስጥ በጣም ሸካራውን፣ አጥንት የመሰለውን መረጥኩ። ከበስተጀርባ የተሰነጠቀ መሬት አደረግሁ። ደንበኛው ወደደው፤ አለቃዬም ወደደው። ስለዚያ ማኅበረሰብ ምን አውቅ ነበር? ምንም። አንድ ሰው እንኳ ጠይቄ ነበር? አልጠየቅሁም። ለከተማ ባንክ ብሠራ ኖሮ ያንን ፊደል እነካው ነበር? በጭራሽ።

አየር ማረፊያው ውስጥ ያንን የቡና ከረጢት ይዤ ስናደድ የመጣብኝ ይህ ባነር ነው። ፈረንጁ በእኔ ላይ ያደረገውን እኔም በወገኔ ላይ አድርጌዋለሁ። ከመሐል ሆኖ ዳር ያለውን ሲያይ ሰው ሁሉ መጥረቢያ ያነሣል መሰለኝ።

◆ እና ምን ይሁን?

ኖይላንድ ይታገድ የምል ሰው አይደለሁም። ውብ ፊደል ነው። በትክክለኛ ስሙ ከተጠራ፣ የአንድ ታላቅ ጀርመናዊ ባለሙያ የእጅ ሥራ ነው። የእጅ ፊደልንም አልጠላም። የመርካቶ ጋሪና የሚኒባስ መስታወት ላይ የሚጻፈውን፣ ከወርቅ ቤት እስከ ፀጉር ቤት በዘይት ቀለም የተጻፈውን ታፔላ እወዳለሁ። ያንን የጻፈው ሰው ገዢውን ያውቃል፣ ሰፈሩን ያውቃል፣ ቋንቋውን ያውቃል። ያ ሸካራነት የሚኖርበት ሰው ራሱ ያመጣው ነው። ሌላው የሚያለብሰው ሸካራነት ግን ከሌላ ቤት የመጣ ነው።

ልዩነቱ ተግባር ላይ ሲውል ምን እንደሚመስል የሚያሳዩ ሥራዎች አሉ። ዚምባብዌያዊው ሳኪ ማፉንዲክዋ ሐራሬ ላይ የዲዛይን ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በ2004ም ስለ አፍሪካ ፊደላት ሰፊ መጽሐፍ አወጣ። ጥቁር አሜሪካዊው ትሬ ሲልስ ከሰልፍ መፈክሮች እየተነሣ ፊደል ይሠራል። አንዱ ፊደሉ መነሻው በ1968 ሜምፊስ ላይ አድማ የመቱት የጽዳት ሠራተኞች ይዘውት የወጡት፣ ሰው መሆናቸውን የሚናገረው ጽሑፍ ነው። በ2023 ማይክሮሶፍት ለአድላም የርዕስ ፊደል ሲያሠራ ዲዛይነሮቹ ከባሪ ወንድማማቾች ጋር ሠሩ፤ መነሻቸውም የፉላኒ ጨርቃ ጨርቅ ጥለት ነበር። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ተመሳሳይ ነው። ሠሪው ከመቅረጹ በፊት ጠይቋል።

በእኛ በኩል ያለው ሀብት ደግሞ ገና አልተነካም። የብራና መጻሕፍቶቻችን ጽሕፈት ከዘመን ዘመን ይለያያል። የአንዱ ክፍለ ዘመን ፊደል ደንደን ያለና ማዕዘናም ነው፤ የሌላው ቀጭንና ቀልጣፋ። የቁም ጸሐፊ እጅ አለ፤ የታፔላ ሠዓሊ እጅ አለ። እነዚህን ወደ ስልካችንና ወደ ቡና ከረጢታችን የሚያመጡ ወጣት ዲዛይነሮች ብቅ ብቅ እያሉ ነው። የጎደላቸው ሥራቸውን የሚከፍል ነጋዴ ነው። ቡና ላኪ ካነበብከኝ፣ ለአንተ ነው የምናገረው። ለሚቀጥለው ከረጢትህ አንድ የአገርህን ዲዛይነር ቅጠር። «ይርጋጨፌ» የሚለውን በግዕዝ ፊደል ከላቲኑ እኩል አስቀምጠው። ፈረንጁ ባያነበው እንኳ ይህ ቡና የመጣው ከሚጽፍ ሕዝብ መሆኑን ያያል።

እኛ አንባቢዎችም ሥራ አለብን። ከዛሬ ጀምሮ በየሄዳችሁበት ያ የተፈለጠ ፊደል ይታያችኋል፤ አንዴ ካያችሁት ማምለጫ የለውም። ስታዩት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፤ ይህ የማን እጅ ነው? የእነዚያ የተጻፈላቸው ሰዎች ነው ወይስ ስለ እነሱ የሚያወራ የሌላ ሰው?

ከረጢቱን ምን አደረግሁት መሰላችሁ? ገዛሁት። ቡናው ምን አጠፋ? ቤቴ ወስጄ ፍሬውን በጣሳ ገለበጥኩና ጣሳው ላይ በገዛ እጄ «ይርጋጨፌ» ብዬ ጻፍኩበት። ጽሕፈቴ ቆንጆ አይደለም፤ «ጨ» ትንሽ አዘመመችብኝ። ቢሆንም ያዘመመው የእኔ እጅ ነው።